ከሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ወጥቶ ወደ ግራ መታጠፍ፦ የአንድ የደብረ ብርሃን መውጫ የጉዳይ ጥናት

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጣርማበር አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻና ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ተሳቢና ሲኖ ትራክ አገር አቋርጦ ያልፋል፤ በዚያው ላይ ደግሞ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሚኒባሱና ዳቦ ሊገዛ የወጣው የቤት መኪና ይመላለሳል። የሩቅ መንገደኛው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማለፍ ይፈልጋል፤ የከተማው ሰው በየሃምሳ ሜትሩ መቆም፣ መግባትና መውጣት ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምናየው አደጋ የሚመጣው ከሁለቱ ፍላጎቶች ግጭት ነው።

ሱፐርማርኬቱ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው በቀኝ በኩል ነው። ስሙ ለነገሩ ስለማይጠቅም አንጠራውም። ከፊቱ ሃያ ያህል አውቶሞቢል የሚይዝ ፓርኪንግ አለው። በሩ አንድ ነው፤ ስፋቱ 6 ሜትር ሲሆን የሚገባም የሚወጣም በእሱው ነው። አስፋልቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 14 ሜትር ነው። መሐሉ ላይ አካፋይ የለም፤ የነበረው ነጭ ቀለም ለቋል። ሾፌሮች ግን በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ረድፍ አድርገው ይነዱበታል። ከበሩ ስትወጣ በስተግራ 20 ሜትር ላይ ሚኒባሶች ሰው የሚያወርዱበትና የሚጭኑበት ቦታ አለ። በእግረኛው መንገድ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች፣ ሁለት የመብራት ምሰሶዎችና ሱፐርማርኬቱ ራሱ ያቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። በጓሮ በኩል ወደ ኮብልስቶን መንገድ የሚከፈት የዕቃ ማስገቢያ በር አለ፤ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ኮብልስቶኑ 300 ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ሄዶ ከዋናው አስፋልት ጋር አደባባይ ላይ ይገናኛል።

ከፓርኪንጉ ወጥቶ ወደ ደሴ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እሱ ላይ ብዙም ችግር የለም። ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚሄደው ግን ከግራው የሚመጡትን ሁለት ረድፎች ቆርጦ፣ ከቀኙ ከሚመጡት ጋር መቀላቀል አለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ሲነገር የሚሰማው ምክንያት «ሾፌሮቹ ትዕግሥት የላቸውም» የሚል ነው። ትዕግሥት ማጣቱ እውነት ነው፤ ግን በሩ ራሱ ከማንም ትዕግሥትና ዓይን በላይ የሆነ ነገር እንደሚጠይቅ ቁጥሩ ያሳያል።

ስምንት ሰከንድ

አሽቶ በሚባለው የአሜሪካ የመንገድ ዲዛይን መመሪያ መሠረት፣ ከመጋቢ መንገድ ወጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ አውቶሞቢል በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ባለው መንገድ ላይ በሚያልፉት መኪኖች መካከል 7.5 ሰከንድ ክፍተት ያስፈልገዋል። የሚቆረጠው ረድፍ በአንድ ሲጨምር 0.5 ሰከንድ ይታከልበታል። እዚህ ቦታ ላይ የሚቆረጡት ሁለት ረድፎች ስለሆኑ 8 ሰከንድ ይሆናል። እንደ አይሱዙ ላለ የጭነት መኪና መነሻው 9.5 ሲሆን 0.7 ሲታከልበት 10.2 ሰከንድ ነው።

ሰከንዱን ወደ ሜትር መለወጥ ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 13.9 ሜትር ይሄዳል፤ በ8 ሰከንድ 111 ሜትር ማለት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 133 ሜትር ይሆናል። ለአይሱዙው በ60 ሲሰላ 170 ሜትር ነው። እንግዲህ አውቶሞቢል ይዞ የወጣ ሰው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያንስ 111 ሜትር ያልተሸፈነ ዕይታ ማግኘት አለበት፤ በዚያ ውስጥም በአንድ ጊዜ በሁለቱም በኩል ምንም የሚመጣ መሆን የለበትም። ግራው ባዶ ሲሆን ቀኙ ይሞላል፤ ቀኙ ሲለቅ ግራው ይመጣል። ሰው አንገቱን ሲያመላልስ መጀመሪያ ያየው ሥዕል ሁለትና ሦስት ሰከንድ ያረጃል።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያጣው ጉልበትም ወደዚያው ይጠጋል። አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና አንድ ሳጥን ዘይት የጫነ አሮጌ አውቶሞቢል ከቆመበት ተነስቶ ሁለት ረድፍ ለመሻገር ከሜዳው አገር መኪና የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሚነሳው ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ሊጠፋበት ይችላል። ስለዚህ 8 ሰከንድ ከዚያ በታች የማይወረድበት ዝቅተኛ ልክ ነው።

የሚመጣው መኪና ያቆማል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በ60 የሚነዳ ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 2.5 ሰከንድ ብንሰጠው በዚያ ጊዜ 42 ሜትር ይሄዳል፤ በመጠነኛ ፍሬን ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ሌላ 41 ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 83 ሜትር ነው። ይህ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ደህና ሲሆን ነው። በክረምት ጉም ዕይታ 80 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ያ ርቀት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 5.8 ሰከንድ ነው። 8 ሰከንድ የሚባል ነገር በዚያ ጉም ውስጥ የለም። ሾፌሩ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ከዚህ በር ወደ ግራ በሰላም የሚወጣበት መንገድ በዚያ ሰዓት አይኖርም።

ግጭት ከደረሰም የሚመታው ቦታ የከፋ ነው። በአገራችን መሪው በግራ በኩል ነው፤ መጀመሪያ የሚቆረጡት ረድፎችም ከግራ የሚመጡት ናቸው። የሚመጣው መኪና የሚያርፈው የሾፌሩ በር ላይ ነው። ከፊት ለፊት ቢሆን ሞተሩና ኮፈኑ ምቱን ይቀበላሉ፤ በጎን በኩል ግን በሾፌሩና በሚመጣው መኪና መካከል ያለው አንድ በር ነው።

ክፍተቱ የማይመጣበት ሰዓት

ሾፌሮች ለምን ትዕግሥታቸው እንደሚያልቅ የሚገባን የሚያልፈውን መኪና ስንቆጥር ነው። አቆጣጠሩ ማንም የሚችለው ነው፦ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓትና በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አንድ ሰው ከግራ የሚመጣውን፣ ሌላው ከቀኝ የሚመጣውን በየ15 ደቂቃው በመስመር ይቆጥራል። ባጃጅም ጋሪም ሳይዘለል ይቆጠራል። አራቱ ሩብ ሰዓቶች ተደምረው የሰዓቱን ፍሰት ይሰጣሉ። ፍጥነት ለመለካት በሁለት ምልክቶች መካከል 50 ሜትር በሜትር ለክቶ ጠርዙ ላይ በኖራ ማስመር፣ ከዚያም በስልክ ሰከንድ መያዝ ነው። 180ን ለሰከንዱ ሲያካፍሉት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ ይወጣል። 50ውን ሜትር በ3.6 ሰከንድ ያለፈ በ50፣ በ3 ሰከንድ ያለፈ በ60 ነው የሚነዳው።

መኪኖቹ በዘፈቀደ ተራርቀው ይመጣሉ ብለን ብናሰላ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በድምሩ በሰዓት 600 መኪና ሲያልፍ የ8 ሰከንድ ክፍተት ለማግኘት በአማካይ 9 ሰከንድ ይጠበቃል። 1,200 ሲሆን ጥበቃው 32 ሰከንድ ይደርሳል። 1,600 ሲሆን ወደ 69 ሰከንድ ያሻቅባል። መኪናው እጥፍ ሲሆን ጥበቃው እጥፍ ሆኖ አይቆምም፤ ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። በጠዋቱ «ይቺ በር ምን አላት?» ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ እዚያው በር ላይ የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

32ቱ ሰከንድ ደግሞ ግንባር ላይ የቆመው ሰው ጥበቃ ብቻ ነው። በ1,200 ፍሰት ከዚህ በር ወደ ግራ ሊወጣ የሚችለው በሰዓት 120 ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ ሁለት መኪና ነው። ወደ ቀኝ የሚወጣው ግን ከግራ የሚመጣውን ብቻ ማየት ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ክፍተት 6.5 ሰከንድ ነው። በየአቅጣጫው 600 ቢያልፍ ጥበቃው 5 ሰከንድ ሲሆን በደቂቃ ስምንት መኪና መውጣት ይችላል። አሁን ሁለቱን በአንድ ጠባብ በር አሰልፋቸው፦ ግንባር ላይ ያለው አንድ ወደ ግራ የሚሄድ ሰው፣ ከኋላው ያሉትን ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሁሉ ያቆማቸዋል። ጥሩምባ ይጀመራል። ጥሩምባው እየበዛ ሲሄድ ፊት ያለው ሰው 8 ሰከንድ መጠበቁን ይተውና በ5 ሰከንድ ክፍተት ይገባል። በዚህ ቦታ ላይ ትልቁ የአደጋ ምክንያት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የተሸፈነው የት ነው?

ዕይታን በተመለከተ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ሚኒባሶቹ ላይ ነው። ስህተት አይደለም፤ ሆኖም የሚሸፍኑትን ርቀት በልክ ማወቅ ያስፈልጋል። የሾፌሩ ዓይን ከአስፋልቱ ጠርዝ 2.4 ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል፤ አፍንጫው ጠርዙ ላይ የደረሰ አውቶሞቢል ሾፌር እዚያ አካባቢ ይቀመጣል። ከግራው 20 ሜትር ላይ 5 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው ሚኒባስ ጠርዝ ይዞ ቆሟል። በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መኪና 110 ሜትር ላይ ሲሆን የዕይታው መስመር ከሚኒባሱ ወዲህ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ያልፋል፤ ይታያል። ከ80 ሜትር እስከ 35 ሜትር ሲጠጋ ግን ከሚኒባሱ ጀርባ ይጠፋል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከግጭቱ በፊት ያሉት ከ5.8 እስከ 2.5 ሰከንድ ናቸው። ሾፌሩ ሩቁን አይቶ «ባዶ ነው» ይላል፤ ባጃጁ ግን ከሚኒባሱ ኋላ ተከልሎ ነበር። «ከየት መጣ ሳይባል» የሚባለው ነገር ምንጩ ይህ ነው።

ሩቁን የሚሸፍነው ሌላ ነገር ነው፦ በእግረኛው መንገድ ላይ ያለው ጃንጥላ፣ ሰሌዳና ምሰሶ። የሩቁ ዕይታ መስመር የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነውና። የአሽቶ መመሪያ የሾፌርን ዓይን ከመሬት 1.08 ሜትር ከፍታ ላይ ይይዘዋል። ከዚህ ከፍታ በላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ ሾፌሩን ይጋርደዋል። ሱፐርማርኬቱ ደንበኛ እንዲያየው ያቆመው ሰሌዳ የራሱን ደንበኛ ዓይን ይሸፍናል ማለት ነው፤ ይህ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው።

ሦስተኛው መጋረጃ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነው። ከግራ የመጣ አይሱዙ ቆሞ በእጁ «እለፍ» ይላል። ደግነት ነው፤ ሐበሻ መንገድ ላይ ይህን ደግነት ያከብረዋል። ነገር ግን አይሱዙው የቆመው በጠርዙ ረድፍ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ የሚወጣውን መኪና አያይም፤ የሚወጣውም እሱን አያይም። ቅድሚያ የሰጠው ሰው መስጠት የሚችለው የራሱን ረድፍ ብቻ ነው። በእጅ ምልክት ተማምኖ መግባት በዚህ በር ላይ ከሚታዩት ሁሉ አደገኛው ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ግራውን ቆርጦ መሐል መንገድ ላይ ይቆምና የቀኙን ይጠብቃል። አካፋይ ባለው መንገድ ላይ ይህ ይሠራል። እዚህ ግን መሐሉ ላይ መጠለያ የለም። አንድ ረድፍ 3.5 ሜትር ነው፤ አውቶሞቢሉ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። በሁለቱም አቅጣጫ ተጋልጦ በአግድሙ የቆመ መኪና ነው።

የተመዘኑትና የተተዉት

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የሱፐርማርኬቱ የጥበቃ ሠራተኛ ወጥቶ መኪና ያቁም የሚል ነው። ተቀባይነት አላገኘም። ጥበቃው አንዱን ረድፍ ሲያቆም ሁለተኛው ያልፋል፤ ራሱም ይገጫል። ትራፊክ የማስተናገድ ሥልጣንም የለውም። ከመንገዱ ማዶ ጉብ ያለ መስታወት መትከልም ታስቦ ነበር። እንዲህ ያለ መስታወት መኪናውን አሳንሶ ከእውነተኛው ርቀት ይልቅ ሩቅ ያስመስለዋል። «መኪና አለ ወይስ የለም?» ለሚለው ጥያቄ ይጠቅማል፤ «ስንት ሰከንድ ቀርቶታል?» ለሚለው ግን ያሳስታል። ለግራ መታጠፊያ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የተሻለ ክርክር አለው። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ የ8 ሰከንዱ ርቀት ከ111 ሜትር ወደ 67 ሜትር ይወርዳል፤ ግጭት ቢደርስም ጉዳቱ ይቀንሳል። የመጠበቂያውን ጊዜ ግን አያሳጥርም፤ የሚጠበቀው ሰከንድ የሚወሰነው በመኪናው ብዛት ነውና። ያው 32 ሰከንድ፣ ያው ጥሩምባ ይቀጥላል። አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ የተሠራ ጉብታ ደግሞ በጉም ቀን ተሳቢን ከኋላ ያጋጫል። ጉብታ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን የመንገዱ ባለቤት እንጂ ሱፐርማርኬቱ አይደለም። የትራፊክ መብራትም ለአንድ ሱቅ በር ተብሎ አይተከልም። «ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ብቻውን ሁለት ሳምንት ይከበራል፤ ከዚያ ይረሳል።

የተመረጠው

የተመረጠው ነገር ወደ ግራ መውጣትን ከፊት በሩ ላይ ማንሳትና ለግራ ሄዳጆች የጓሮውን በር መክፈት ነው። የሦስት መንገድ መገናኛ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው ነጥቦች ዘጠኝ ናቸው። በር ወደ ቀኝ መግቢያና ወደ ቀኝ መውጫ ብቻ ሲሆን ሁለት ይቀራሉ፤ እነሱም መለየትና መቀላቀል እንጂ መቆራረጥ አይደሉም።

ደንበኛው ይጉላላል ወይ? 300 ሜትሩ ኮብልስቶን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 54 ሰከንድ ይወስዳል። ከፊት በር ወጥቶ በአስፋልቱ ያንኑ አደባባይ ለመድረስ በ40 ኪሎ ሜትር 27 ሰከንድ ነው፤ ግን መጀመሪያ 32ቱ ሰከንድ ይጠበቃል። ድምሩ 59 ነው። ፊቱ ሁለት መኪና ካለ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይታከልበታል። በተጨናነቀ ሰዓት የጓሮው መንገድ ይፈጥናል። ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ግን ፊት ለፊቱ ያጥራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሰው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ደንብ ስለማይይዝ ክልከላው ቀኑን ሙሉ እንዲሆን ተደርጓል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳው ተነስቶ ሕንፃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከነጋዴዎቹ ጋር ተነጋግሮ ጃንጥላዎቹ ከበሩ ወደ ግራ ካለው የዕይታ መስመር ወጥተው ከአጥሩ ጋር ተጠግተው እንዲሰለፉ ተደረገ። ማንም አልተባረረም፤ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ መሳብ በቂ ነበር። ቀጥሎ የጓሮው በር፦ 5 ሜትር ስፋት፣ ሁለት የሌሊት መብራት፣ ከፓርኪንጉ እስከ በሩ መሬት ላይ የተቀባ ቀስት፣ እና በፓርኪንጉ ውስጥ «ወደ አዲስ አበባ በዚህ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ። ጽሑፉ መውጫው ላይ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ ሰው መኪናውን ሲያስነሳ ከሚያይበት ቦታ መሆን አለበት።

የፊት በሩ ከ6 ወደ 9 ሜትር ሰፋ። 4 ሜትሩ መግቢያ፣ 3.5 ሜትሩ መውጫ ሲሆን መሐል ላይ 1.5 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ደሴት ተሠራ። የደሴቱ አፍንጫ ከአስፋልቱ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጥቁርና ቢጫ ተቀብቶ፣ በሌሊት የሚያንጸባርቅ ምልክት ተለጥፎበታል። መውጫው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፤ ከአስፋልቱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ60 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን ሾፌሩ የሚመጣውን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ መጠምዘዝ ስለሚኖርበት ልኩን ማለፍ አይገባም። በመግቢያው ላይ የነበሩ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ተሠርዘዋል፤ እዚያ ቆሞ ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና የሚገባውን አስፋልት ላይ ያስቆመው ነበር። ደሴቱ ከግቢው ወጥቶ የመንገዱን ክልል የሚነካ ከሆነ የመንገዱ ባለቤት ፈቃድ ከሥራው በፊት መገኘት አለበት።

በደሴቱ ፈንታ በአሸዋ የተሞላ በርሜል ማቆም ርካሽ ይመስላል። በርሜል ይገፋል፤ ማታ አይታይም፤ የተጋጨውን ሰው ይጎዳል። ለጊዜው ከሆነ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ምሰሶ ይሻላል።

የተበላሸው

መጀመሪያ የተበላሸው የጓሮ በሩ ነው። ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ በሩ ላይ ይቆምና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ሰውም ወደ ፊት በር ይመለሳል። መፍትሔው ማራገፍን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ግቢ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ሳይጠበቅ ሲቀር ጠቅላላ ዕቅዱ ይፈርሳል። ኮብልስቶኑ የመኖሪያ ሰፈር መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ለዚህም 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚለው ገደብ ከበሩ ውጭ ተጽፏል።

ሁለተኛው ደሴቱን ዞረው ወደ ግራ የሚወጡት ናቸው። እንዲህ ያለ ደሴት ብቻውን ቆራጥ ሾፌርን አያስቆምም፤ ይህ በየአገሩ የታወቀ ድክመቱ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚያስቆመው መሐል አስፋልት ላይ ያለ አካፋይ ነው። አካፋዩ እስኪመጣ ድረስ ጥበቃው አስፋልቱ ላይ ሳይወጣ ከደሴቱ ወደ ግቢው በኩል ሆኖ «ጌታዬ፣ ወደ አዲስ አበባ በጓሮ በር ነው» ይላል። መኪናው ወደ ደሴቱ ከመድረሱ በፊት መባል አለበት፤ አፍንጫውን ካስገባ በኋላ ቢነገረው ኋላው ስለተዘጋ መመለሻ የለውም።

ሦስተኛው በጣም የሚያሳስበው ነው፤ በወረቀት ላይ አይታይም። ወደ ቀኝ የሚወጣ ሾፌር ዓይኑ ግራ ላይ ብቻ ይተከላል። ከቀኙ በእግረኛው መንገድ የምትመጣ ልጅ ያዘለች እናት ወይም ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት አትታየውም። ስለዚህ የእግረኛው መንገድ በሩ ላይ ሳይቋረጥ በዚያው ከፍታ እንዲያልፍ ተደረገ፤ መኪናው ከፍ ብሎ ነው የሚሻገረው። የመቆሚያው መስመርም ከእግረኛው መንገድ ወዲህ ነው የተሰመረው። ከእግረኛው መንገድ ሥር የሚያልፈው የዲች ቱቦ ከክረምቱ በፊት መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ ውኃው በሩ ላይ ይቆማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁር ደግሞ ማለዳ ላይ በረዶ ሆኖ ያንሸራትታል።

ሚኒባሶቹ ገና አልተነሱም። ቢነሱ የሚሻለው ከበሩ አልፎ ወደ ደሴ አቅጣጫ 40 ሜትር ነው፤ ያኔ ለሚወጣው ሰው ከግራ የሚመጣውን አይጋርዱም። ይህ ከከተማው ትራፊክ ፖሊስና ከታክሲ ተራ አስከባሪዎች ጋር የሚወሰን ነው። ከደሴ አቅጣጫ መጥቶ ወደ ሱፐርማርኬቱ በግራ የሚገባው መኪናም አልተፈታም። አካፋይ በሌለበት መሐል መንገድ ላይ ፍሬቻ አብርቶ ሲጠብቅ ከኋላው ተሳቢ ይመጣበታል። ለእሱም የሚበጀው አደባባዩ ድረስ ሄዶ መዞርና በጓሮ መግባት ወይም በአስፋልቱ ተመልሶ ወደ ቀኝ መግባት ነው።

የጓሮ በር በሌለበት ቦታ ወደ ቀኝ ወጥቶ ቀጣዩ አደባባይ ላይ ዞሮ መመለስ ይቻላል። አደባባዩ 350 ሜትር ላይ ቢሆን ዙሩ 700 ሜትር ነው፤ በ30 ኪሎ ሜትር 84 ሰከንድ። ከአደባባይ ውጭ መሐል መንገድ ላይ መዞር ግን አደጋውን ከበሩ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው።

ይህም ያም በሌለበት በር ወደ ግራ መውጣት ግድ የሚሆንበት ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ሊሠራ ይችላል። ከበሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጎልማሳ እርምጃ 150 ያህል ይቁጠር፤ 111 ሜትር ገደማ ነው። መኪኖች በ60 የሚነዱበት ቦታ ከሆነ 180 እርምጃ ያድርገው። እርምጃው ያለቀበት ቦታ ላይ የማይንቀሳቀስ ምልክት ይያዝ፦ ምሰሶ፣ ባሕር ዛፍ፣ የሱቅ በር። ከዚያ ምልክት ወዲህ በየትኛውም በኩል የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አይወጣም። ምልክቱ ራሱ በጉም፣ በዝናብ ወይም በቆመ መኪና ካልታየውም አይወጣም፤ ወደ ቀኝ ይሄዳል።